ጋሽ ዘለቀ የጠረጉት ጎን

መኪና ሲታጠብ ዳር ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካያችሁ ከባዱ ሥራ ሳሙናው ይመስላችኋል። አይደለም። ከባዱ መጨረሻ ላይ ያለው መጥረጉ ነው። መኪናው ከታጠበ በኋላ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ሳይደርቅ ተሯሩጦ በሁለት እጅ፣ በሁለት ጨርቅ፣ ጣሪያውን፣ ኮፈኑን፣ በሮቹን ማዳረስ ያስፈልጋል። ፀሐይ ከቀደመች አለቀ። መኪናው በነጫጭ ነጠብጣብ ይሞላና ባለቤቱ «ይሄ ታጥቦ ነው?» ይላል። ጥቁር መኪና ከሆነማ አያድርስ ነው።

ይሄን ሁሉ ከየት አወቅሽው እንዳትሉኝ፤ አባቴ የላቫጆ ሰው ነው። ሆሳዕና ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከአራት ሰዎች ጋር ተደራጅተው የከፈቱት ላቫጆ አላቸው። እኔ ደግሞ ምህረት እባላለሁ። ይሄ ነገር ሲሆን አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ «አቤት» ለማለት ድምፄ የሚጠፋብኝ ልጅ ነበርኩ። አሁን ይኸው፣ ሳትጠይቁኝ እያወራኋችሁ ነው!

በፊተኛው ክረምት አባቴን ስትሮክ መታው። እግዚአብሔር ይመስገን እግሩ ዳነ፣ ንግግሩም ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጨርቅ ግን አይጨብጡም። ቤት መቀመጡ አላስችል ሲለው ወደ ላቫጆው ተመለሰ። ሳሙናውን በግራ እጁ ይቀባል፣ ውሃውን በግራ እጁ ይረጫል። መጥረጉ ላይ ሲደርስ ግን ኮፈኑን ሳይጨርስ በሮቹ ይደርቁበታል። ያኔ ጋሽ ዘለቀ ከየትም ቦታ ጨርቃቸውን ይዘው እየሮጡ ይደርሳሉ። ጋሽ ዘለቀ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሁለቱም ከሌሞ ናቸው፣ ወደ ከተማም የገቡት አብረው ነው። የራሳቸውን መኪና ሳሙና እንደተቀባ ትተው የአባቴን ይጠርጋሉ። የሳቸውን ደግሞ ሌላው ሰው ይጨርስላቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ መኪና የሦስት ሰው ሥራ ሆነ።

አንድ እሁድ ከቸርች መልስ የላቫጆው ሰብሳቢ አበራ ቤታችን መጣ። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ሻዩን ሳይጠጣው ብዙ ካማሰለው በኋላ ነው የተናገረው።

«ጋሼ፣ እንደምንወድዎት ያውቃሉ።»

«ሲጀመር እንዲህ ከሆነ መጨረሻው ጥሩ አይደለም» አለ አባቴ።

አበራ ሳቅ ብሎ ቀጠለ። «በር ላይ ጥሩ ወንበር እናስቀምጥልዎት። የሚገባውን የሚወጣውን መኪና ይመዝግቡ። ድርሻዎ አይነካም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደንበኛ እየሸሸን ነው፤ ወረፋው አልገፋ ብሏል።»

አባቴ ስኒውን ገፋ አደረገ። «ሰው ሲያጥብ እያየሁ ልኑር ነው የምትለኝ?»

«እንደሱ አይደለም ጋሼ...»

«ነው እንጂ። እሺ፣ አንድ መኪና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዬን ካጠብኩ ተራዬን ትተዉልኛላችሁ?»

አበራ የአባቴን ቀኝ እጅ አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «የጥር ሠርግ እስኪያልቅ እንጠብቃለን» አለ። «ብቻዎን ከጨረሱት፣ ባለቤቱም ከተቀበለው፣ ከዚያ በኋላ ማን ይነካዎታል?»

እንደወጣ እናቴ ተነሳችበት። «እንዴት አድርገህ ልትጨርስ ነው ቃል የምትገባው?»

«አላውቅም» አለ።

ያቺ «አላውቅም» ናት እኔን ያስነሳችኝ። አባቴ ስለ መኪና ተጠይቆ «አላውቅም» ሲል ሰምቼ አላውቅማ!

ለካ መልሱ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት በጆሮዬ ገብቶ ነበር። የኬሚስትሪ መምህርታችን ቲቸር ሰናይት አንድ ቀን፣ «ውሃ ደርቆ የሚተወው ነጭ ነገር ውሃ አይደለም» ብለውን ነበር። «ውሃውማ ተንኖ ሄዷል። የቀረው ውስጡ የነበረው ማዕድን ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ዘመዱ ነው።» ያን እሁድ ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንዲህ አሰብኩ፤ ውሃው ውስጥ ምንም ከሌለ ሲደርቅ ምን ይተዋል? ምንም። ምንም ካልተወ ለምን ይጠረጋል? ካልተጠረገ ደግሞ አባቴ ሁለተኛ እጅ ለምን ያስፈልገዋል?

የዝናብ ውሃ ጥሩ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ፤ ግን በጥር ዝናብ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያስቃል። ውሃ አፈላሁ፤ የሚያጠራው መስሎኝ አንድ ድስት ሙሉ አንተከተክሁት። አቀዝቅዤ መስታወት ላይ ባንጠባጥበው ነጩ ባሰበት! በማግስቱ ክፍል ውስጥ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ። ቲቸር ሰናይት እንዲያውም እኔ መሆኔን አላመኑም፣ ከኋላዬ ያለውን ልጅ ነበር ያዩት።

«ምህረት፣ ስታፈይው ያባረርሽው ውሃውን ነው» አሉኝ። «ማዕድኑማ ተሰብስቦ ጠበቀሽ።» ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከክፍል ስንወጣ ጠርተው ስለ ሬዚን ነገሩኝ። የዓሣ እንቁላል የሚመስል ድቡልቡል ቅንጣት ነው። ውሃ በመሃሉ ሲያልፍ ማዕድኑን ይይዛል።

አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ሲቀይር የጣለውን ሬዚን ለምኜ አመጣሁ። በጨው ውሃ አጥቤ ሞከርኩት። የሳሙናው አረፋ እንደ ጉድ ሆነ፤ ነጠብጣቡ ግን ያው ነው! ለካ ያ ዓይነቱ ውሃውን ያለሰልሳል እንጂ ባዶ አያደርገውም። አንዱን ማዕድን አውጥቶ በቦታው ሌላ ያስቀምጣል። «ላንቺ የሚያስፈልግሽ ሁለት ዓይነት ነው» አሉኝ ቲቸር። «አንዱ ፕላስ ቻርጅ ያላቸውን ማዕድናት የሚይዝ፣ አንዱ ማይነሶቹን።» አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ ወደሚሠራ የኮሌጅ ጓደኛቸው ደወሉ። ሊጣል የነበረ አሮጌ ሬዚን በሁለት ፌስታል፣ በሚኒባስ ተላከልን።

ከዚያማ ቤታችን ፋብሪካ ሆነ። ከቧንቧ ሠራተኛ የተረፈ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ለምኜ በቁመቴ ልክ ሁለት ቦታ አስቆረጥኩ። ቅንጣቶቹ እንዳያመልጡ የቱቦዎቹን ታች በስፖንጅና በስቶኪንግ ዘጋሁ። ስቶኪንጉ የእናቴ ነበር።

«ለቸርች የምለብሰውን!» ብላ ጮኸች።

«እማዬ፣ አንዱ እግር ብቻ ነው እኮ።»

«እና በአንድ እግሬ ልዘምር?»

አሮጌውን ሬዚን ማደስ ግን ቀልድ አልነበረም። አንዱ በአሲድ፣ ሌላው በኮስቲክ ሶዳ ነው የሚታጠበው። ቲቸር ሰናይት ጓንትና መነጽር አድርገው በትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ራሳቸው አደረጉት። እኔ ከርቀት እየቆጠርኩ ሰዓት ያዝኩላቸው። አንባቢዎቼ፣ እባካችሁ ይሄን ክፍል ብቻችሁን እንዳትሞክሩት።

ሁለቱን ቱቦዎች በየሬዚናቸው ሞልተን ግድግዳ ላይ አስረን አገናኘናቸው። ቲቸር እስክሪብቶ የሚያክል መለኪያ አዋሱኝ፤ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ስንት ማዕድን እንዳለ በቁጥር ያሳያል። የቧንቧችን ውሃ ላይ ሦስት አሃዝ ቁጥር አወጣ። ከሁለተኛው ቱቦ የወጣው ላይ አራት አለ። አራት መቶ አይደለም፤ አራት! አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጌ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ደረቀ። የት ላይ እንደነበረ ራሴው አጣሁት። ግቢ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ።

አባቴ መስታወቱን በግራ እጁ ይዞ ወደ ብርሃን አዘነበለው። መስታወቱን መልሶ ሲሰጠኝ፣ «ቅዳሜ ጥቁር የሠርግ መኪና ይመጣል» አለኝ።

ውሃው ከቱቦው የሚወርደው እንደ ክር ቀጥኖ ነው፤ ከፈጠነ ማዕድኑ ያመልጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ሦስት ቢጫ ጀሪካን አጠራቀምን። ያንን ላቫጆው ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ ከሆነው ኮንቴይነር ጣሪያ ላይ ባስቀመጥናት ትንሽ ሮቶ ውስጥ ገለበጥነው። ከሮቶዋ ቀጭን ቱቦ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ እጀታውን ሲጫኑት የሚረጭ የአትክልት ማጠጫ አለ። በሳሙናና በተራው ውሃ እንደወትሮው ይታጠባል፤ የኛ ውሃ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ ነው። ለአንድ መኪና ሁለት ጀሪካን ይበቃል ብዬ ገምቼ ነበር። ገመትኩ ነው ያልኳችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁሩ ላንድክሩዘር ገባ። ሹፌሩ ታሪኩ የሙሽራው አጎት ልጅ ነው። ሙሽራዋን ሊያመጡ ወደ ዱራሜ ሊወርዱ ነው።

«ሦስት ሰዓት ላይ እንነሳለን» አለ። «አደራችሁን! የዱራሜ አማቾቻችን መጀመሪያ የሚያዩት መኪናውን ነው፣ ሙሽራውን ቀጥለው ነው።»

«መንገድ ላይ አቧራ ይለብስ የለ?» አለው ከሠራተኞቹ አንዱ።

«አቧራ በላባ ይራገፋል። የናንተ ነጭ ነጠብጣብ ግን አይራገፍም!» ብሎን ቁርሱን ሊበላ ሄደ።

አበራ ሁሉንም ሰበሰበ። «ውሃው የምህረት ነው። እጁ ግን የጋሼ ብቻ ነው። ተስማማን?» ሁሉም ተስማሙ። ጋሽ ዘለቀ እንኳ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ካለቀ በኋላ ማንም እንዳይነካው! በራሱ ይደርቃል!» አልኩ። አንዱ ሳቀ። «ላቫጆ ውስጥ ሳይጠረግ? አሁንስ ጉድ ሰማን።»

አባቴ ጀመረ። አልቸኮለም። ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ሳሙናውን ቀባ። ለጎማዎቹ ተንበረከከ፣ ሲነሳ በሩን ተደገፈ። ያኔ ጋሽ ዘለቀ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲሄዱ አየሁ፤ አበራ ክርናቸውን ይዞ አስቆማቸው። ሳሙናው ታጥቦ ወረደ። ከዚያ አባቴ የኛን ቱቦ አነሳ። የኛ ውሃ ጥቁሩ ላይ ሲወርድ ከሌላው ውሃ ምንም የተለየ አይመስልም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ጣሪያ፣ ኮፈን፣ ቀኝ በሮች፣ ኋላ፣ ግራ በሮች። አለቀ። እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ብንጠብቅ ነው።

አባቴ ቱቦውን ሊሰቅል ዞረ። እኔ ሮቶዋ ውስጥ ስንት እንደቀረ ለማወቅ ኮንቴይነሩ ላይ ወጥቼ ጎኗን በጣቴ እያንኳኳሁ ነበር። ፀሐይ ከጎረቤቱ ፎቅ ጀርባ ብቅ አለችና ኮፈኑ ላይ አረፈች። ጠብታዎቹ አብረቀረቁ። ከላይ ሆኜ ሳይ፣ ጋሽ ዘለቀ ተራው ውሃ ካለበት የጋራ ባልዲ ውስጥ ጨርቅ አውጥተው፣ ጨምቀው፣ በግራ በኩል ያሉትን በሮች ጠረግ ጠረግ እያደረጉ ነው! ኮፈኑንም እስከ ግማሽ ደርሰዋል!

«ጋሽ ዘለቀ!» ብዬ ጮህኩ። ያ ድምፅ የኔ መሆኑን እስካሁን አላምንም።

ደንግጠው ቆሙ። «እንዴ! ፀሐይ ልታደርቀው ነው እኮ ልጄ!»

አባቴ ዞረ። ጨርቁን አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ደክሞት የሚቀመጥበት የፈለገ ሰው ነበር የሚመስለው።

«ዘለቀ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን አደረግኩህ?»

«እኔማ... እጄ ነው። እጄ ዝም አላለኝም። አንተ ብቻህን ስትለፋ እንዴት ቆሜ ልይ?» ጨርቁን እንደያዙ እንባቸው መጣ።

አበራ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን አሸ። «ጋሼ፣ ይቅርታ። ብቻዎን ነበር የተባባልነው። አሁን ይሄ...»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። መኪናው ብቻ ደረቀ። እኛ መሬት መሬቱን ስናይ ሹፌሩ ታሪኩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ተመለሰ። ማን ምን እንዳደረገ አያውቅም። መኪናውን በቀኝ በኩል ዞረ። ቆመ። ጎንበስ ብሎ በሩ ላይ የራሱን ፊት አየ፣ ፀጉሩን አስተካከለ። «ወይ ጉድ» አለ። ከዚያ በኋላ በኩል ዞሮ ወደ ግራ መጣ። ፊቱ ተኮማተረ። በሮቹ ላይ የጨርቁ መንገድ በነጭ ተስሏል፣ ከመስታወቱ ሥር ነጠብጣብ ተደርድሯል።

«እንዴ፣ ይሄኛውን ጎን ደግሞ ማነው ያጠበው?» አለ። «ያኛው በኩል መስታወት ነው፣ ይሄኛው ምንድነው? ሁለት ሰው ነው እንዴ ያጠበልኝ?»

መጀመሪያ የገባው ለአበራ ነው። ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ኮፈኑ መሃል ላይ የጋሽ ዘለቀ እጅ የደረሰበት ቦታ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከመስመሩ ወዲህ ነጭ፣ ከመስመሩ ወዲያ ጥቁር። «ያልተጠረገው ነው እኮ የጠራው» አለ አበራ ለራሱ።

ጋሽ ዘለቀም አዩት። ጨርቃቸውን እንደ እባብ ወረወሩት።

አባቴ ደግሞ ቱቦውን ከተሰቀለበት አወረደ። «ገና አልጨረስኩም» አለ ለታሪኩ። «ትንሽ ታገሠኝ።» ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞረ። «ዘለቀ፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ጋሽ ዘለቀ ሁለቱንም እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አበራም ከተተ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ከተቱ። አራት የላቫጆ ሰዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመው ሲያዩ፣ አባቴ የግራውን ጎን በተራው ውሃ እንደገና አጥቦ በኛ ውሃ ማለቅለቅ ጀመረ። ኮፈኑ ታጠበ። የፊት በር ታጠበ። የኋላ በር ላይ ሲደርስ ውሃው ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

የቀረው የበሩ የታችኛው ክፍል ነበር፤ ሁለት ስንዝር።

አባቴ እጀታውን ደጋግሞ ተጫነ። ወደኔ ቀና አለ። አበራን አየሁት። «ውሃው የሷ ነው ብለናል!» አለ አበራ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ። ሮቶዋን አቀፍኳት፣ በሙሉ ጉልበቴ አዘነበልኳት። ታች ተኝቶ የነበረው ውሃ ሲያንኮራፋ ሰማሁ። ቱቦው ሳለ፣ ተፋ፣ ከዚያ ወረደ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ስንዝር አጠበ። ውሃው ያለቀው እሱ ቀና ሲል ነው።

ከዚያ ጠበቅን። በዕድሜዬ እንደዚያ ረጅም ደቂቃ አላየሁም። ታሪኩ ሰዓቱን ያያል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። ጠብታዎቹ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው ጠፉ። የኋላው በር ላይ የጎረቤቱ ፎቅ፣ ሰማዩና የአባቴ ፊት ታዩ።

ታሪኩ አንድ ጊዜ ብቻ ዞረው። የአባቴን ግራ እጅ ይዞ ጨበጠ። «ሰኞ ከሠርጉ መልስ ጭቃውን ይዤ የምመጣው እርስዎ ጋ ነው» አለና ወጣ። አበራ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቶ የተራ ሰሌዳውን አወጣና የአባቴን ስም የሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ጻፈው።

ጋሽ ዘለቀ ብቻ እዚያው ቆመዋል። «አሁን ላውጣው?» አሉ ስለ እጃቸው። አባቴ ሳቀ። ከስትሮኩ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

አንባቢዎቼ፣ መሣሪያዋ አሁንም ትሠራለች። በየጥቂት መኪናው ሬዚኑ ስለሚጠግብ ቲቸር ሰናይትን አስቸግራለሁ፤ ፍጹም ናት አልላችሁም። እኔም ክፍል ውስጥ እጄን ሳወጣ ማንም አይደነግጥም። ግን ከሁሉ በላይ የለወጠኝ ሌላ ነው። ጋሽ ዘለቀን ያን ቀን በሆዴ ተቆጥቻቸው ነበር። ክፋት የሌለበት ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል ብዬ። መልሱን ያገኘሁት በማግስቱ ነው።

እሁድ ጠዋት አባቴ ለቸርች ሲለብስ እንደ ልማዴ ሄጄ የሸሚዙን ቁልፎች መቆለፍ ጀመርኩ። ከታመመ ጀምሮ የምቆልፍለት እኔ ነኝ፤ ይፍቀድ አይፍቀድ ጠይቄው አላውቅም። ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት። ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

እጄን አነሳሁ። «አባዬ፣ ራስህ ትቆልፈዋለህ?»

ወደኔ ዞረ። «ካልቸኮላችሁ» አለ።

ብዙ ጊዜ ወሰደ። እናቴ በር ላይ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ቆማ ጠበቀችው። ስንደርስ መዝሙሩ ተጀምሮ ስለነበር የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አንዱ ቁልፍ በተሳሳተ ቀዳዳ ገብቶ የሸሚዙ ኮሌታ ወደ አንድ በኩል ዘምሟል። አባቴ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይዘምራል። እኔም ኮሌታውን አየሁት፣ ደስ አለኝ፣ ተውኩት።